ዛፉ ቅጠል ሳይለብስ፦ የጭልፊትን ጎጆ ከሩቅ መከታተል

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ይህን ወፍ አይቶታል። በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በመብራት ምሰሶ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ደረቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ትልቅ ወፍ ቀይ ጅራት ጭልፊት ነው፤ አገሬው «ሬድ ቴይልድ ሆክ» ይለዋል። ደጋ ያደገ ሰው ዘመዱንም ያውቃል። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚያንዣብበው፣ በስልክ እንጨት ላይ አድፍጦ አይጥ የሚጠብቀውና እሱም ጅራቱ ቀላ ያለው ኦገር ባዛርድ ከዚሁ ወገን ነው። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ከኢትዮጵያ ነበር።

ወፉን ዓመቱን ሙሉ ማየት ይቻላል። ጎጆ ሲሠራ፣ እንቁላል ሲታቀፍና ጫጩት ሲመግብ ማየት ግን ጊዜ አለው። ብዙ ሰው አየሩ እስኪሞቅና ዛፉ እስኪያብብ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ጎጆው በቅጠል ተሸፍኖ ያልቃል። ስለዚህ ካፖርት ሳያወልቁ መውጣት ያስፈልጋል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ለጀማሪ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቀኖቹ ለዋሽንግተን አካባቢ የተሰሉ ናቸው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ጥቂት ይዘገያል፣ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ይቀድማል።

1. ወራቱን ይወቁ

በፌብሩዋሪ፣ ማለትም ከጥር መጨረሻ ጀምሮ፣ ጥንዶቹ አብረው ማንዣበብና ጭራሮ መሸከም ይጀምራሉ። አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የሚጣለው በማርች ነው፤ በእኛ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ድረስ መሆኑ ነው። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል የተለመደ ነው። መታቀፉ ከ28 እስከ 35 ቀን ይወስዳል፤ በአብዛኛው ዓመት ከሁዳዴ ጾም ጋር ይገጥማል። ጫጩቶቹ በሚያዝያ ይፈለፈሉና ከ42 እስከ 46 ቀን ጎጆ ውስጥ ቆይተው በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መግቢያ ይበራሉ።

ከእነዚህ ወራት ውስጥ ጎጆው ተገልጦ የሚታየው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዛፉ ይለመልማል። ጎጆ የመፈለጉ ሥራ በየካቲት ካላለቀ ዓመቱ አለፈዎት ማለት ነው።

2. መሣሪያዎን ያዘጋጁ

ዋናው መሣሪያ ባይናኩላር ነው። ለጀማሪ 8x42 የሚል ቁጥር ያለው ይመረጣል። 8 ነገሩን ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ሲሆን፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 ወይም 12 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል እንጂ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ ለረጅም ሰዓት መመልከት አይመችም። ጎጆ አንድ ቦታ የቆመ ነገር ስለሆነ፣ አቅም ካለ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላ ባለሦስት እግር ቴሌስኮፕ ብዙ ይጠቅማል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተጋግዞ አንድ ቢገዛ በቂ ነው፤ ስልክን ከመመልከቻው ላይ ደግፎ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል።

ከዚህ በተረፈ ትንሽ ደብተር፣ እርሳስ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ጓንትና ትኩስ ነገር የያዘ ፔርሙዝ ይያዙ። በማርች ነፋስ ቆሞ መጠበቅ ከመሄድ የበለጠ ያበርዳል። ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ በሣር ውስጥ መዥገር ስለሚኖር ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ቤት ሲገቡም ሰውነትዎን ይፈትሹ።

3. ወፉን ከሌሎቹ ይለዩ

ቀይ ጅራቱ ከላይ ወይም ከኋላ ሲታይ እንጂ ከሥር ሆነው ሲያዩት ያን ያህል አይቀላም። ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ደግሞ ጅራቱ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ጥቁር መስመር አለበት። ስለዚህ በጅራቱ ብቻ አይመኑ። ክንፉን ዘርግቶ በላይዎ ሲያልፍ የክንፉን የፊት ጠርዝ ይመልከቱ። ከትከሻው እስከ ክንፉ መታጠፊያ የሚሄድ ጠቆር ያለ ሰረዝ ካለ ቀይ ጅራት ነው፤ ይህ ምልክት በወጣቱም በሽማግሌውም ላይ አለ። ሲቀመጥ ደግሞ በነጣው ሆዱ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ቡናማ ጭረት ይታያል።

ክንፉ ሲዘረጋ ከ114 እስከ 133 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ በዓይን ይለያል። ይህን ልብ ይበሉ፣ ኋላ ማን እንደታቀፈና ማን ምግብ እንዳመጣ ለማወቅ ይረዳዎታል።

በዚሁ አካባቢ ሁለት የሚያምታቱ ጭልፊቶች አሉ። አንዱ ሬድ ሾልደርድ ሆክ ነው። አነስ ያለ፣ ደረቱ ቀይ ዳማ፣ ጅራቱ ጥቁር ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመር ያለበት ሲሆን፣ ወንዝና ረግረግ ይወዳል። በአሌክሳንድሪያ አጠገብ ያለው ሀንትሊ ሜዶስ ፓርክ እሱን ለማየት ጥሩ ቦታ ነው። በማርች ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ብሉ ጄይ የምትባለው ሰማያዊ ወፍም ድምፁን አስመስላ ስለምትጮኽ ወፉን ሳያዩ አይመዝግቡ። ሁለተኛው ኩፐርስ ሆክ ነው፤ ጅራቱ ረጅም፣ ክንፉ አጭር ነው። ጥቂት አራግቦ ጥቂት ይንሳፈፋል፤ ጎጆውንም ዘግየት ብሎ ነው የሚሠራው።

የቀይ ጅራቱ ጩኸት ግን የሻከረና የተጎተተ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚዘልቅ ነው። በሆሊውድ ፊልሞች ንስር በታየ ቁጥር የሚሰማው ያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የዚህ ጭልፊት ነውና ጆሮዎ አስቀድሞ ያውቀዋል።

4. ጎጆውን ይፈልጉ

ፍለጋውን ከሰማይ ይጀምሩ። ፀሐይ ምድሩን ሞቅ ስታደርግ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ጥንዶቹ ወደ ላይ እየዞሩ ይወጣሉ። ወንዱ ከፍ ካለ በኋላ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወርና መልሶ ይነሣል፤ አንዳንዴም እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ሴቷ ይጠጋል። ይህን ያዩበት ሰፈር የእነሱ ግዛት ነው። አሁን የሚቀረው የት እንደሚወርዱ ማየት ነው። ጭራሮ በምንቃሩ ወይም በጥፍሩ ይዞ ቀጥ ብሎ የሚበር ጭልፊት ካዩ ዓይንዎን አይንቀሉ፤ ወደ ጎጆው ይመራዎታል።

ቀጥሎ ዛፎቹን ይቃኙ። ይህ ወፍ ዙሪያውን የሚያሳይ ቦታ ይወዳል። በጫካ ጠርዝ፣ በሜዳ ዳር፣ በጎልፍ ሜዳና በመቃብር ስፍራ አጠገብ ከሌሎቹ ልቆ የሚታየውን ዛፍ ይምረጡ። በሮክ ክሪክ ሸለቆ ቱሊፕ ፖፕላርና ግንዱ ነጩ ሲካሞር እንዲህ ያሉ ረጃጅም ዛፎች ናቸው። ጎጆው ከፍ ብሎ፣ ወፋፍራም ቅርንጫፎች በሚገናኙበት ባላ ላይ ይቀመጣል። ዛፍ ካልተመቸ የስታዲየም መብራት፣ የኤሌክትሪክ ማማ ወይም የሕንጻ ጠርዝም ይበቃዋል።

ባዶ ዛፍ ላይ የሚታይ ጥቁር ክምር ሁሉ ግን የጭልፊት ጎጆ አይደለም። የደረቀ ቅጠል ክብ ሆኖ ከተከመረ የስኩዊረል ቤት ነው። ትንሽ ከሆነና ከቅርንጫፎች መሀል ከገባ የቁራ ሊሆን ይችላል። ከወንዝ አጠገብ እጅግ ግዙፍ ከሆነ ንስር ይጠርጥሩ፤ ውሃ ላይ በተተከለ እንጨት ላይ ከተሠራ ደግሞ ዓሣ አዳኙ ኦስፕሬ ነው። የቀይ ጅራቱ ጎጆ ከጭራሮ የተሠራ፣ ወርዱ ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክምር ነው። በየዓመቱ ሲታደስ ወደ ላይ እያደገ ይሄዳል።

ክምሩ የዘንድሮ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አዲስ የተሰበረ ጭራሮ ጫፉ ነጣ ይላል፤ አሮጌው ግራጫ ነው። ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ልጥ ካለ ውስጡ እየተነጠፈ ነው። አረንጓዴ የጥድ ዝንጣፊ ከላዩ ከታየ ደግሞ ባለቤት አለው። ጥንዶቹ አንዳንዴ ሁለት ጎጆ ጎን ለጎን ያድሱና በመጨረሻው ሰዓት አንዱን ይመርጣሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ባገኙት ላይ ብቻ አይጠመዱ። በየካቲት ከጎጆው ጫፍ ሁለት ጆሮ የመሰለ ነገር ብቅ ካለም አይገረሙ። ታላቁ ባለ ቀንድ ጉጉት ጎጆ የመሥራት ድካም ስለማይወድ፣ ጭልፊቱ አምና የሠራውን ቀድሞ ይይዝበታል።

5. መቆሚያዎን ይምረጡ

ወፉ የሚረበሽበት ጊዜ እኩል አይደለም። እንቁላል ሊጣል ሲል ባሉት ቀናትና መታቀፍ በተጀመረ ሰሞን ጥንዶቹ ጎጆውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። በማርች ብርድ እናቲቱ ተነሥታ ከቆየች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ቁራም አጋጣሚውን አያሳልፍም። ስለዚህ ከመቶ ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ ይጀምሩ። ጭር ባለ ጫካ ውስጥ ከዚያም ይራቁ። ሰው በሚበዛበት መናፈሻ ውስጥ ወፉ መንገደኛን ለምዷል፤ እርስዎም ከመንገዱ ሳይወጡ ይመልከቱ።

ከሜትሩ ይልቅ የሚያስተማምነው የወፉ ሁኔታ ነው። ሥራውን ትቶ እርስዎን ካየ፣ ከታቀፈበት ብድግ ካለ፣ ከጮኸ ወይም በላይዎ ከዞረ ቀርበዋል ማለት ነው። ፎቶ ለማንሳት አይቆዩ፤ በመጡበት ይመለሱና ርቀቱን በእጥፍ ያድርጉት። ጥሩ መቆሚያ ማለት እርስዎ አንድ ሰዓት ሲቀመጡ ወፉ አንዴም ዞር ብሎ የማያይዎት ነው።

ፀሐይን ከኋላዎ ያድርጉ። በተቻለ መጠን ከፍ ካለ መሬት ላይ ይቁሙ፤ ከሥር ወደ ላይ ሲታይ የጎጆው ሆድ ብቻ ነው የሚታየው። ከመንገድ ዳር ከሆነ መኪናዎ ውስጥ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ወፉ ቆሞ ከሚያየው ሰው ይልቅ የቆመ መኪናን ይታገሣል። ሰፈር ውስጥ ሲሆን ደግሞ የሰው መስኮት አቅጣጫ ባይናኩላር ይዞ መቆም ጥርጣሬ ያስነሣል። ጀርባዎን ለቤቶቹ ይስጡ፤ ጎረቤት ካለፈ ሰላም ብለው የሚያዩትን ያሳዩት። ጎጆው በትምህርት ቤት ወይም በግል ግቢ ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ። ድሮን በምንም ምክንያት አያስነሡ። ወፉን ከማሸበሩም በላይ፣ ሮክ ክሪክን በመሰሉ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የተከለከለ ነው።

6. ከምልክቱ ያንብቡ

የጎጆውን ውስጥ ከሥር ማየት አይቻልም። የተመልካች ችሎታ ውስጥ ያለውን ከውጭ ከሚታየው መገመት ነው።

ጅራት ብቻ። ከጎጆው ጠርዝ የጅራት ጫፍ ወይም አናት ብቻ ብቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ እንቁላል ተጥሏል። አንዳንዴ የታቀፈችው ጭራሹን ትሰወራለች። ባዶ ነው ብለው አይሂዱ፤ ሰላሳ ደቂቃ ይጠብቁ።

ፈረቃ። ሁለቱም ይታቀፋሉ፣ የሴቷ ድርሻ ግን ይበልጣል። ወንዱ ሲመጣ እሷ ብድግ ብላ ትወጣለች፤ ክንፏን ታፍታታለች፣ ያመጣላትን ትበላለች። በቴሌስኮፕ ካዩ ወንዱ ወደ መሀል ሲገባ ጥፍሮቹን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ በጭብጡ እንደሚራመድ ያስተውላሉ። ስኩዊረል የሚገድልበት ያ ጥፍር እንቁላሉን እንዳይወጋ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሆዱን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ይደላደላል።

አቀማመጥ ሲለወጥ። መታቀፍ ከተጀመረ አንድ ወር አልፎ እናቲቱ ከፍ ብላ፣ ክንፏን ትንሽ ዘርጋ አድርጋ ከተቀመጠች፣ ደጋግማም ወደ ሥሯ ካየች ጫጩት ተፈልፍሏል።

ጉርሻ። ወንዱ ግዳይ ጥሎ ይሄዳል። እናቲቱ በእግሯ ረግጣ፣ በምንቃሯ ቀጭን ሥጋ ትቦጭቃለች፤ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ ወደ ታች ትዘረጋለች። ማንን እንደምታጎርስ አይታይዎትም፤ አንገቷ ስንት አቅጣጫ እንደሚዘረጋ ግን ይቁጠሩ።

ኩስ። ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይኮሳሉ። ከዛፉ ሥር ያለው ቅጠልና ድንጋይ በነጭ ጭረት ከተዥጎረጎረ ቤተሰቡ ደህና ነው።

ይህን ንባብ ለመለማመድ አቋራጭ አለ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ቤተ ሙከራ በኢታካ ከተማ በመብራት ምሰሶ ላይ ባለ ጎጆ ከ2012 ጀምሮ የቀጥታ ካሜራ ተክሏል። ካሜራው ሲተከል የነበረችው እናት ቢግ ሬድ ትባላለች። ማታ ቤትዎ ሆነው የፈረቃውን ለውጥና አመጋገቡን ከላይ ይመልከቱ፤ በማግሥቱ በሜዳ የሚያዩት የጅራት ጫፍ ምን እያደረገ እንደሆነ ይገባዎታል።

7. በደብተር ይመዝግቡ

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አየሩን፣ ማን እንደታቀፈ፣ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ይጻፉ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። ከሁሉም በላይ መታቀፍ የጀመረበትን ቀን ይያዙ። ከ28 እስከ 35 ቀን ሲደምሩበት መፈልፈያውን፣ ከዚያም ከ42 እስከ 46 ሲደምሩ መብረሪያውን ይደርሱበታል። ቅጠሉ ሸፍኖብዎት እንኳ በየትኛው ሳምንት መመለስ እንዳለብዎ የሚነግርዎት ያ ቀን ነው። ልጆች ካሉ ደብተሩን ለእነሱ ይስጡ፤ ወላጅ በአማርኛ እየነገረ እነሱ ቢጽፉ ቋንቋውም አብሮ ይሠራል።

8. ሕጉን ያክብሩ፣ አድራሻውን ይሰውሩ

የ1918ቱ የተሰዳጅ አእዋፍ ስምምነት ሕግ ወፉን፣ እንቁላሉንና ጎጆውን ይጠብቃል። መሬት ላይ የወደቀ ላባ አንሥቶ ቤት መውሰድ እንኳ ክልክል ነው፤ ፎቶውን አንሥተው ይተዉት። ጎጆው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ጫጩቶቹ ሳይበሩ በፌስቡክም ሆነ በቲክቶክ አይልቀቁ። የአንድ ሰው እርጋታ ወፉን አይጎዳውም፣ የሃያ ሰው ግርግር ግን ይጎዳዋል።

ብዙ ሰው በሥርዓት ሲመለከት ግን ጥቅም አለው። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ፊት ለፊት፣ በፊፍዝ አቬኑ 927 ቁጥር ሕንጻ ላይ ፔል ሜል የተባለ ቀይ ጅራት ጎጆ ሠርቶ ነበር። የመናፈሻው ተመልካቾች ለዓመታት ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ተከታተሉት፤ ማሪ ዊን የተባለችው ጸሐፊም በ1998 ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣች። በዲሴምበር 2004 የሕንጻው አስተዳደር ጎጆውን ሲያስነሣ፣ እነዚያው ተመልካቾች መንገድ ላይ ወጥተው ተቃወሙ፤ በዚያው ወር ጎጆው የሚያርፍበት መደገፊያ ተመለሰለት።

በቤትዎ ደግሞ የአይጥ መርዝ አይጠቀሙ። መርዙን የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ደክሞ ሲንገዳገድ ለጭልፊቱ ቀላል ግዳይ ይሆናል፤ መርዙም በእናቲቱ ምንቃር ወደ ጫጩቶቹ ይደርሳል። ወጥመድ ይሻላል።

9. ቅጠሉ ሲሸፍን

በሚያዝያ መጨረሻ መቆሚያዎ ዋጋ ያጣል። ወደ ዛፉ ከመቅረብ ይልቅ በየመንገዱ ዘወር ብለው በቅጠሉ መሀል ክፍተት ይፈልጉ። ካላገኙ በደብተርዎ ያሰሉት የመብረሪያ ሳምንት እስኪደርስ ይተዉት። በዚያ ሰሞን ጫጩቶቹ ከጎጆው ወደ ቅርንጫፍ ይወጣሉ፣ ክንፋቸውን ያራግባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፤ ሳይፈልጓቸው ያገኟቸዋል።

አንዱ መሬት ላይ ወርዶ ቢያገኙት አይደናገጡ። ላባው ከሞላና ቆሞ ከተመለከተዎት መብረር በመማር ላይ ነው። ወላጆቹ ከላይ እያዩት ስለሆነ ውሻዎን ይያዙ፣ ሰውን ያርቁ፣ እርስዎም ይራቁ። ክንፉ ከተንጠለጠለ፣ ደም ካለው ወይም ገና ነጭ ለስላሳ ላባ የለበሰ ከሆነ ግን ለዱር እንስሳት ሕክምና ፈቃድ ላላቸው ይደውሉ፤ በዲሲ ሲቲ ዋይልድላይፍ የተባለ ድርጅት ይህን ይሠራል። ምግብም ውሃም አይስጡት፣ በባዶ እጅም አይያዙት። የደከመ ጭልፊት ጥፍሩ አይደክምም።

ወጣቶቹ ከበረሩ በኋላ ጎጆው ባዶውን ይቀራል፤ ጥንዶቹ ግን ግዛታቸውን አይለቁም፣ ያንኑ ጎጆ ወይም አጠገቡ ያለውን በሚቀጥለው ዓመት ያድሳሉ። ስለዚህ ዛፉን በስልክዎ ካርታ ላይ ለራስዎ ብቻ ምልክት ያድርጉበት፣ ዘንድሮ የት ቆመው ጥሩ እንዳዩም ይጻፉ። በኖቬምበር ቅጠሉ ሲረግፍ አንዴ ሄደው ክምሩ መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ እስከ ጥር መጨረሻ ሌላ ሥራ የለብዎትም።